ዜሮው የት ነው?

ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁጥሮች ነበሩ። 0.12 እና 0.08። ሁለቱም በመቶኛ ናቸው፤ ናሙናው ውስጥ የገባ የአንድ ኢምፕዩሪቲ፣ ማለትም የባዕድ ነገር፣ መጠን ናቸው። ሁለቱም የመጡት ከአንድ ናሙና፣ ከአንድ ፋይል ነው። ናሙናውን ደግሜ መሣሪያው ውስጥ አላስገባሁም። የቀየርኩት ግራፉ ላይ ካለች ከአንዲት ትንሽ ፒክ፣ ከአንዲት ጉብታ፣ ሥር የተሰመረችውን መስመር ብቻ ነው።

የተፈቀደው ገደብ 0.10 ነበር። በአንደኛው መስመር ናሙናው ይወድቃል። በሌላኛው ያልፋል።

ሰዓቱ መሽቷል። ሪፖርቱ ጠዋት ይፈለጋል። እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ 0.08 አድልቶ ነበር። ምክንያትም አላጣሁለትም። ያኛው መስመር ለዓይን ያምራል፤ የትልቁን ፒክ ጅራት ተከትሎ ለስለስ ብሎ ይወርዳል። አለቃዬ ለካ ከኋላዬ ቆመው ያዩኝ ነበር።

"ልጄ፣ ቁጥሩን ባታይ ኖሮ የትኛውን መስመር ትመርጥ ነበር?" አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ያን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይዤው እዞራለሁ።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ክሮማቶግራፊ የተደባለቁ ነገሮችን ለያይቶ የሚያሳይ ዘዴ ነው። ድብልቁ ኮለም በሚባል ቀጭን ቱቦ ውስጥ በፈሳሽ ወይም በጋዝ እየተገፋ ያልፋል። ቱቦው ውስጥ ካለው ነገር ጋር አጥብቆ የሚያያዝ ይዘገያል። የማይያያዝ ቀድሞ ይወጣል። መውጫው ላይ ዲቴክተር ተቀምጦ የሚያልፈውን ሁሉ ይመዘግባል። ምንም ሳያልፍ ሲቀር መስመሩ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። አንድ ነገር ሲያልፍ ይነሳል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ያ ጉብታ ፒክ ይባላል። የነገሩን መጠን የሚነግረን ከጉብታው ሥር ያለው ኤሪያ ነው። ዝቅ ብሎ የሚሄደው መስመር ደግሞ ቤዝላይን ነው።

ስሙ የመጣው ከቀለም ነው። ሚኻይል ጽቬት የሚባለው የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተማቸው ጽሑፎች የቅጠል ቀለሞችን እንዴት እንደለያየ አስረድቷል። ከቅጠል በአሟሚ ያወጣውን ፈሳሽ በካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት በተሞላ የመስታወት ቱቦ አሳለፈው። አረንጓዴውና ቢጫው ቱቦው ላይ ለየብቻ ቀለበት ሠርተው ታዩ። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ጽቬት ቤዝላይን አላስፈለገውም። አረንጓዴው የት እንደሚያልቅ በዓይኑ ያየው ነበር። እኛ የምናየው ቀለሙን ሳይሆን ዲቴክተሩ የሚሰጠንን ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ደግሞ ስለምንፈልገው ነገር ብቻ አይናገርም። የፓምፑ ምት አለበት። የመብራቱ እርጅና አለበት። የፈሳሹ የራሱ ምልክት አለበት። ኖይዝ የሚባለው የመስመሩ የማያቋርጥ ጥቃቅን መንቀጥቀጥ አለበት። ሙቀቱ ትንሽ ሲለዋወጥ እሱም ይገባበታል።

ስለዚህ መቀነስ አለብን። ጥያቄው ምን ያህል፣ ከየትስ ጀምሮ የሚለው ነው።

ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ይህ ሥራ በእጅ ይሠራ ነበር። መሣሪያው ክሮማቶግራሙን፣ ማለትም ዲቴክተሩ የመዘገበውን መስመር ሁሉ፣ ወረቀት ላይ ይስላል። ባለሙያው በማስመሪያ ቤዝላይኑን ያሰምራል። ከዚያ ፒኩን በመቀስ ቆርጦ በስስ ሚዛን ይመዝነዋል። አዎ፣ ወረቀቱን ነው የሚመዝነው። ከባድ ወረቀት ማለት ትልቅ ኤሪያ ማለት ነው። ወረቀቱ እርጥበት ከሳበ ወይም ውፍረቱ እኩል ካልሆነ ውጤቱ ይዛባል። ሌሎች ፕላኒሜትር በሚባል መሣሪያ የፒኩን ዙሪያ እየተከተሉ ይለኩ ነበር። ቁመቱን በግማሽ ቁመቱ ላይ ባለው ወርድ ማባዛትም የተለመደ ነበር። ይህ ብዜት የተስተካከለ የደወል ቅርጽ ካለው ፒክ እውነተኛ ኤሪያ 94 በመቶ ያህሉን ይሰጣል። በ1.064 ሲባዛ ይሟላል።

መቀሱን ሳስብ አንድ ነገር ይገርመኛል። ያኔ ሰውየው ቤዝላይኑን ራሱ እንዳሰመረው ያውቃል። እርሳሱ እጁ ላይ ነው። መቀሱ የት እንዳለፈ ያየዋል። ዛሬ መስመሩን ሶፍትዌሩ ያሰምረዋል። እኛ የምናየው ከነአራት ዴሲማሉ የተደረደረ ሠንጠረዥ ነው። ውሳኔው ግን አልጠፋም። ሜኑ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ እንጂ።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁመቱ 100፣ የግማሽ ቁመት ወርዱ 10 ሰከንድ የሆነ ፒክ አለን እንበል። ኤሪያው 1064 ገደማ ነው። አሁን ቤዝላይኑ በስህተት በ1 ዝቅ ብሎ ተሰመረ። ፒኩ ከሥሩ 30 ሰከንድ የሚሸፍን ከሆነ 30 ተጨመረበት ማለት ነው። ይህ ከ3 በመቶ በታች ነው። ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ያንኑ ስህተት ቁመቱ 5 ብቻ በሆነ ፒክ ላይ እንድገመው። የዚህ ኤሪያ 53 ገደማ ነው። የተጨመረው ግን ያው 30 ነው። ስህተቱ 56 በመቶ ደረሰ። ስክሪኑ ላይ ሁለቱም መስመሮች ቤዝላይኑን የነኩ ይመስላሉ። ለዓይን ልዩነት የላቸውም።

ጀማሪ ሳለሁ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የፒክን ጫፍ አይ ነበር። ጫፉ ስለታም ነው ወይ? ያምራል ወይ? ቁጥሩን የሚወስኑት ግን ሁለቱ እግሮቹ ናቸው።

ሶፍትዌሩ እግሮቹን እንዴት ያገኛቸዋል? በመሠረቱ ዳገቱን ይከታተላል። የመስመሩ ዳገታማነት ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ፒክ ጀመረ ይላል። ዳገቱ ወደ ቁልቁለት ሲለወጥ ጫፉ አለፈ ይላል። ቁልቁለቱ ሲለዝብ ደግሞ አለቀ ይላል። ከዚያ ዲቴክተሩ በየቅጽበቱ በመዘገባቸው ነጥቦች መካከል ያሉትን ትናንሽ ትራፒዞይዶች ደምሮ ከቤዝላይኑ በላይ ያለውን ይሰጠናል። ያን የዳገት ልክ የምንሰጠው እኛ ነን፤ ስሬሾልድ ይባላል። ዝቅ ካደረግነው ሶፍትዌሩ የኖይዙን ጥቃቅን ጥርሶች ሁሉ ፒክ ነው ብሎ ይይዛል። ከፍ ካደረግነው እውነተኛ ትንሽ ፒክ ያመልጠዋል፤ የትልቁንም ፒክ ጅራት ቶሎ ይቆርጠዋል። የሚጠበቀውን የፒክ ወርድም እንነግረዋለን። ሶፍትዌሩ ነጥቦቹን ስንት ስንት አድርጎ በአንድ ላይ እንደሚያሰላ የሚወስነው በእሱ ነው። በአንድ ፒክ ላይ ከ15 እስከ 20 ነጥብ ካልተሰበሰበ ደግሞ የትኛውም ቅንብር ብዙ አይረዳም። ቀድሞውኑ ያልተመዘገበ ነገር በኋላ አይገኝም።

አሁን ወደ ባክግራውንዱ፣ ማለትም ከምንፈልገው ነገር ውጭ ወደሚመጣው ምልክት። ቅነሳውን ለአዲስ ሰው ሳስረዳ ዕቃ ከነመያዣው መመዘንን ምሳሌ አደርጋለሁ። ባዶ መያዣውን ቀድመህ ትመዝናለህ፤ ከጠቅላላው ትቀንሳለህ። የቀረው የዕቃው ነው። ክሮማቶግራፊ ላይ ባዶው መያዣ ብላንክ ይባላል። የምንፈልገው ነገር የሌለበትን ፈሳሽ በዚያው ዘዴ እናስኬዳለን። ከዚያ የእሱን ክሮማቶግራም ከናሙናው ላይ ነጥብ በነጥብ እንቀንሳለን። ግራዲየንት በምንጠቀምበት፣ ማለትም የሚገፋውን ፈሳሽ ቅልቅል ቀስ በቀስ በምንቀይርበት ጊዜ ይህ በጣም ይረዳል። ፈሳሹ ከውሃ አሴቶናይትራይል ወደሚባል አሟሚ ሲቀየር ቤዝላይኑ ይንሸራተታል። ብላንኩም እንደዚያው ይንሸራተታል። ሲቀነስ መስመሩ ይተኛል።

ችግሩ መያዣው በተመዘነበት ሰዓት በእርግጥ ባዶ ነበር ወይ የሚለው ነው።

አንድ ጊዜ የናሙናዎቹን ቅደም ተከተል እኔ አዘጋጀሁ። ስታንዳርዶቹን፣ መጠናቸው አስቀድሞ የታወቀውን ማነጻጸሪያዎች፣ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ደረደርኩ። ከከፍተኛው ቀጥሎ ብላንክ አደረግሁ። ከዚያ ናሙናዎቹ። በዚያ ብላንክ የሁሉንም ባክግራውንድ ቀነስኩ። ክሮማቶግራሞቹ አማሩ። እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ቤዝላይን ነበራቸው። ካሊብሬሽኑን፣ ኤሪያን ወደ መጠን የሚቀይረውን መስመር፣ ስሠራ ግን መስመሩ ዜሮን ከታች አቋረጠው። ዝቅተኛው ስታንዳርድ ከሚገባው በጣም አንሶ መጣ። ግማሽ ቀን ስታንዳርዱን ተጠራጠርኩ። እንደ አዲስ በጠበጥኩት። ለውጥ የለም።

በመጨረሻ ያልተቀነሱትን ፋይሎች ከፈትኩ። የብላንኩን ስኬል አጉልቼ አየሁት። የምፈልገው ነገር በሚወጣባት ደቂቃ ላይ አንዲት ትንሽ ፒክ ቆማለች። ከፍተኛው ስታንዳርድ ናሙናውን ወደ ኮለሙ ከሚያስገባው ክፍል፣ ከኢንጀክተሩ፣ ሙሉ በሙሉ አልታጠበም ነበር። ትራፊው ብላንኩ ውስጥ ገብቷል። እኔ ደግሞ ያንን ትራፊ ከእያንዳንዱ ናሙና ላይ ቀንሼዋለሁ። ከትልልቆቹ ላይ አልታየም። ከትንንሾቹ ላይ ግን ግማሽ ያህላቸውን ወሰደ። ያን ቀን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ለራሴ አልኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ። ከመቀነሴ በፊት ብላንኩን ብቻውን፣ ልክ እንደ ናሙና፣ አጉልቼ አየዋለሁ። ከከፍተኛ ስታንዳርድ ቀጥሎ የሚመጣውንም ብላንክ ለቅነሳ አልጠቀምበትም። የእሱ ሥራ ትራፊ መኖሩን ማሳየት ነው።

ሌላም ዋጋ አለው። ብላንኩ የራሱ ኖይዝ አለው። ኖይዝ ከኖይዝ ሲቀነስ አይጠፋፋም። ይደመራል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ኖይዙ በ1.41 እጥፍ ያድጋል። ለትልቅ ፒክ ምንም አይደለም። ከኖይዙ 3 እጥፍ ብቻ ለምትበልጥ፣ አለች ወይስ የለችም በሚባልበት ወሰን ላይ ላለች ፒክ ግን መኖርና አለመኖር ማለት ነው።

ማስ ስፔክትሮሜትር ላይ ቅነሳው መልኩን ይለውጣል። እሱ የሞለኪውሎችን ቁርጥራጮች በክብደታቸው የሚለይ ዲቴክተር ነው፤ በእያንዳንዷ ቅጽበት የእነዚያ ክብደቶች ሙሉ ዝርዝር፣ ማለትም ስፔክትረም፣ አለ። ከፒኩ አጠገብ ባዶ የሚመስል ቦታ እንመርጣለን። የዚያን አማካይ ስፔክትረም ከፒኩ ስፔክትረም ላይ እንቀንሳለን። ጋዝ ክሮማቶግራፊ ላይ ሙቀቱ ሲጨምር የኮለሙ የሲሊኮን ሽፋን ቀስ እያለ ይለቃል፤ በክብደት 207 እና 281 ላይ የሚታዩት ምልክቶች የእሱ ናቸው። እነሱን ማውጣት ደስ ይላል። ነገር ግን የመረጥነው "ባዶ" ቦታ የጎረቤት ፒክ እግር ከሆነ ከሚያስፈልገን ነገር ላይ እንቀንሳለን። ያኔ ላይብረሪው፣ የታወቁ ነገሮች ስፔክትረም የተሰበሰበበት መዝገብ፣ በሙሉ መተማመን የተሳሳተ ስም ይሰጠናል። እንዲህ ያለውን መደራረብ ለመፍታት የተሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። ኤኤምዲአይኤስ የሚባለው የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኒስት፣ ያዘጋጀው ነው፤ መነሻውም የኬሚካል ጦር መሣሪያ ስምምነትን ለማረጋገጥ የሚያገለግል ትንተና ነበር። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ አንድ የተሳሳተ ቅነሳ ምን ሊያስከትል እንደሚችል አስቡት።

ብላንክ ሳይኖር ቤዝላይኑን በሒሳብ የሚገምቱ ዘዴዎችም አሉ። አንደኛው ከመስመሩ በላይ ላለው ነገር ትንሽ ክብደት፣ ከታች ላለው ትልቅ ክብደት እየሰጠ ለስላሳ መስመር ከሥር ያነጥፋል። ልስላሴውን የሚወስን አንድ ቁጥር አለው። ያ ቁጥር ሲያንስ መስመሩ ይተጣጠፍና ወደ ፒኩ ሆድ ይወጣል። ጠባብ ፒኮች ይተርፋሉ፤ ሰፊዎቹ ይበላሉ። ውጤቱ ግን ንጹሕ ሆኖ ነው የሚታየው። እኔ ንጹሕ ቤዝላይን ሳይ ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንደተቀነሰ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። ማርሴል ጎሌይ የሚባል ሰው ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ካፒላሪ ኮለምን፣ በጣም ቀጭንና ረጅም የሆነውን ቱቦ፣ ለዓለም ያስተዋወቀ እሱ ነው። ፒኮች እንደ መርፌ ቀጥነው የወጡት በእሱ ኮለም ነው። ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ1964 ከአብራሃም ሳቪትዝኪ ጋር ኖይዝ የሚያለሰልስበትን ዘዴ አሳተመ። ዛሬም ብዙ ሶፍትዌር ውስጥ በሁለቱ ስም ይገኛል። አንድ ሰው ፒኩንም መስመሩንም ማስተካከሉ ይደንቀኛል። የበለጠ የሚደንቀኝ ግን የዚያ ጽሑፍ ሠንጠረዦች ውስጥ የቁጥር ስህተቶች መገኘታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሌሎች ተመራማሪዎች አርመው አሳተሟቸው። ያንን ያህል የተከበረ ሥራ ቁጥር በቁጥር ቁጭ ብሎ የሚመረምር ሰው ስለተገኘ ደስ ይለኛል።

የተጣበቁ ፒኮች ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። የኔም የዚያች ምሽት ችግር ይኸው ነበር። ትልቁ ፒክ ዋናው ንጥረ ነገር ነው። ጅራቱ ረዝሟል። ትንሿ ኢምፕዩሪቲ ያ ጅራት ላይ ተፈናጣ ወጣች። በመካከላቸው ሸለቆ አለ፤ ግን ቤዝላይኑን አይነካም። እንግዲህ የቱ የማን ነው?

አንዱ መንገድ ከሸለቆው ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች መጣል ነው። ፐርፐንዲኩላር ድሮፕ ይባላል። ሁለቱ ፒኮች ተመጣጣኝ ከሆኑና ቅርጻቸው ከተስተካከለ ጥሩ ይሠራል። ትንሿ ጅራት ላይ ስትሆን ግን ከሥሯ ያለው የትልቁ ጅራት ሁሉ ለእሷ ይቆጠራል። ኤሪያዋ ይጋነናል። ሌላው መንገድ ታንጀንት ስኪም ነው። የትልቁን ጅራት ተከትሎ ትንሿን ከላዩ ይቀርፋታል። በዚህኛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከድርሻዋ ይጎድላል። አንዳንድ ላቦራቶሪ የቁመታቸው ልዩነት 10 እጥፍ ሲያልፍ ስኪም እንጠቀም የሚል መመሪያ አለው። መመሪያ መኖሩ ደግ ነው፤ ቢያንስ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ይሠራል። እውነተኛው ኤሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ መካከል አንድ ቦታ ነው። 0.12 እና 0.08 የመጡት ከእነዚህ ሁለት መንገዶች ነበር።

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል። መስመሩን በማውስ በእጅ ስንጎትት ልባችን አብሮ ይጎትታል። የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ነው ኦዲት ትሬይል የሚባለውን የለውጦች መዝገብ የሚጠይቁት። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ኤፍዲኤ፣ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ደንቡን፣ ፓርት 11 የሚባለውን፣ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ማን፣ መቼ፣ ምኑን እንደቀየረ መመዝገብ አለበት። አዲሱ ቁጥር አሮጌውን መሸፈን የለበትም። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን እንደ ጭቅጭቅ ያዩታል። እኔ አላይም። ያ መዝገብ የድሮው ባለሙያ እርሳስ ነው። መስመሩን ማን እንዳሰመረው መልሶ ያሳየናል።

በእጅ ማስተካከል በራሱ ጥፋት ነው ብዬም አላምንም። ሶፍትዌሩ በግልጽ ሲሳሳት ዝም ማለትም ጥፋት ነው። ከጠርዙ ላይ አንድ ሰከንድ መላጨት ወይም መጨመር ግን ውጤትን ወደሚፈለገው አቅጣጫ መግፊያ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ሰዓቱ ላይ ነው። ውሳኔው ቁጥሩ ከመታየቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ስለዚህ እኔ የውጤቱን ሠንጠረዥ ዘግቼ ነው የምሠራው። ክሮማቶግራሙን ብቻ አያለሁ። ስኬሉን ለሁሉም ናሙና እኩል አደርጋለሁ፤ ጫፉ ከስክሪኑ ቢወጣም እግሮቹ እስኪታዩ ድረስ አጎላለሁ። ስታንዳርዱን በቆረጥኩበት መንገድ ናሙናውን እቆርጣለሁ። አንዱን ከለወጥኩ ሁሉንም እለውጣለሁ፤ ምክንያቱንም እዚያው እጽፋለሁ። አንድ ዓይነት ስህተት በሁለቱም ላይ ካለ የናሙናው ኤሪያ ለስታንዳርዱ ሲካፈል ብዙው ይጣፋል። በአንዱ ብቻ ከሆነ ግን እንዳለ ሪፖርቱ ውስጥ ይገባል።

ከሁሉ በፊት ግን ሶፍትዌሩን ተወት አድርጎ ወደ ኮለሙ መመለስ ነው። በ214 ናኖሜትር ብርሃን እየለኩ፣ ቲኤፍኤ የሚባል አሲድ ፈሳሹ ውስጥ እየጨመሩ የሚሠሩ ሰዎች የሚያደርጉት ነገር አለ። ውሃው ውስጥ 0.1 በመቶ ካደረጉ አሴቶናይትራይሉ ውስጥ ትንሽ ቀንሰው 0.085 ገደማ ያደርጋሉ። ግራዲየንቱ ሲሄድ ቤዝላይኑ እንዳይወጣ ነው። የሚቀነስ ነገር እንዳይኖር አስቀድመው ያስተካክሉታል ማለት ነው። ይህ ለኔ ከየትኛውም አልጎሪዝም ይበልጣል።

ያን ምሽት አለቃዬ ጥያቄያቸውን ጥለው ሄዱ። እኔ ለሪፖርቱ ጠያቂዎች አንድ ቀን እንደሚዘገይ ጻፍኩ። በነጋታው የዘዴ ለውጡን አስፈቅጄ ግራዲየንቱን አዘገየሁት። አሮጌውን ኮለም አውጥቼ ጅራት በማይሰጥ አዲስ ተካሁት። ስታንዳርዶቹን አስኬድኩ፣ ብላንኩን አየሁ፣ ከዚያ ናሙናውን አስገባሁ። ትልቁ ፒክ ወጣ፤ ወረደ። መስመሩ ቤዝላይኑን ነክቶ አንድ ደቂቃ ያህል ተኛ። ከዚያ ትንሿ ብቻዋን ተነሳች።

በመጀመሪያው መንገድ ቆረጥኳት። 0.11። በሁለተኛው ቆረጥኳት። 0.11።